የአባባ ሪሲቨር

ጅግጅጋ ውስጥ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ገብታችሁ «ሪሲቨር አለ?» ብትሉ ባለሱቁ የሚያወጣላችሁ የዲሽ ሪሲቨር ነው። እኔንም የገጠመኝ ይኸው ነው። «እሱን አይደለም፣ የድምፁን ማለቴ ነው» ስለው «ወላል፣ ታዲያ ሆም ቴአትር አትልም እንዴ!» ብሎ ሳቀብኝ። አልፈረድኩበትም፣ በእኛ አገር ስሙ ተደባልቋል። ዛሬ ላወራችሁ የፈለግኩት ከቴሌቪዥኑና ከዲሹ የሚመጣውን ድምፅ ተቀብሎ፣ አጉልቶ፣ ለየስፒከሩ ስለሚያከፋፍለው ስለዚያ ከባድ ሳጥን ነው። የቅንጦት ዕቃ ነው የምትሉ ትኖራላችሁ። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው።

ነገሩ የተጀመረው ከአባባ ጆሮ ነው። አባባ የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ። ከጅግጅጋ ተነስተው፣ ካራማራን ተሻግረው፣ በባቢሌና በሐረር አድርገው ድሬዳዋ ይወርዳሉ፤ ነገ ደግሞ በዚያው መንገድ ይመለሳሉ። ሠላሳ ዓመት ያህል የሞተር ጩኸት አጠገባቸው ነበር። ሥራ ካቆሙ በኋላ የቀራቸው አንድ ልማድ የምሽቱ የ2 ሰዓት ዜና ነው። ድምፁን እስከ መጨረሻው ይለቁታል። እህቴ ማጥናት አልቻልኩም ትላለች፣ ጎረቤት ግድግዳ ይመታል፣ ታላቅ ወንድሜ «አቦ ቀንሱልን!» ይላል። ቀነስነው። ከዚያ በኋላ አባባ ምንም አላሉም። ዜና ሲጀምር ግን ጋቢያቸውን ደርበው በረንዳ ላይ መቀመጥ አመጡ። ስንጠራቸው መልሳቸው «እናንተ እዩ» ብቻ ነው።

መጀመሪያ የገባት እማዬ ናት። «ሰውዬው በገዛ ቤታቸው እንግዳ ሆኑ» አለችኝ። እቁብ ሲደርሳት ብሩን እጄ ላይ አድርጋ «አንተ ኤሌክትሪካል ነው የምትማረው፤ በደንብ የሚያሰማቸውን ዕቃ አንተው ምረጥ» አለች።

እውነቱን ልናገር፤ የመረጥኩት ካርቶኑን አይቼ ነው። በትልልቁ «12000 ዋት» ይላል፤ ከጎኑ በትንንሹ «ፒ.ኤም.ፒ.ኦ.» የሚል አለ። ሱቅ ውስጥ ሲሞከር የመደርደሪያው መስታወት ተንቀጠቀጠ። ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር ይባል የለ! ቤት አምጥተን ስንከፍተው ቤዙ ቆርቆሮውን ነዘረው። ወንድሜ ደስ ብሎት ይጨፍራል። አባባ ጥቂት አዳመጡና «ጩኸቱ ደርሶኛል፤ ያልደረሰኝ ቃሉ ነው» ብለው ወደ በረንዳቸው ወጡ።

ያን ሌሊት ዕቃውን ገልብጬ ጀርባውን አነበብኩ። «220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ፣ 60 ዋት» ይላል። አፈርኩ። ከሶኬት 60 ዋት የሚወስድ ዕቃ 12000 ዋት ከየት ያመጣል? ፒ.ኤም.ፒ.ኦ. የሚባለው ለቅጽበት ሊወጣ ይችላል ተብሎ የሚገመት ጫፍ ነው፤ አንድ ወጥ የመለኪያ ሕግ ስለሌለው አምራቹ ደስ ያለውን ቁጥር መጻፍ ይችላል። መታየት ያለበት ሳይቋረጥ የሚሰጠው ኃይል፣ ማለትም አር.ኤም.ኤስ. ነው። እሱም ቢሆን በስንት ኦም፣ ስንት ቻናል አብሮ እየሠራ፣ በስንት በመቶ መዛባት እንደተለካ ካልተጻፈ ብዙ አይነግረንም። በዚህ ሰበብ የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1974 የአምፕሊፋየር ኃይል እንዴት እንደሚገለጽ ደንብ አውጥቷል፤ በ2024 ደግሞ አሻሽሎታል።

ደግሞስ ዋት ቢበዛ ምን ያህል ይጠቅማል? ዋቱ እጥፍ ሲሆን ጭማሪው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ድምፁ ለጆሯችን እጥፍ እንዲመስል ዋቱ ወደ አሥር እጥፍ ማደግ አለበት። ስለዚህ በ50 ዋትና በ100 ዋት መካከል ያለው ልዩነት ካርቶኑ ላይ እንደሚታየው አይደለም።

የአባባ ችግር ግን ከዚህም ይለያል። ጩኸትና ዕድሜ የጎዱት ጆሮ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያጣው ከፍ ያለውን ፍሪኩዌንሲ ነው። «ሰ»፣ «ፈ»፣ «ተ» የመሳሰሉት ፊደላት የሚለዩት እዚያ ላይ ነው። የአናባቢዎቹ ጉልበት ዝቅ ያለው ላይ ስለሆነ ሰው እየተናገረ መሆኑ ይሰማቸዋል፤ «ተፈታ» ይበል «ተመታ» ግን አይለዩም። እኔ ደግሞ ቤዝ ጨምሬ የቀረችውን ፊደል ቀበርኩባቸው።

ይህ ሲገባኝ አልጋ ሥር የተቀመጠው ዕቃ ትዝ አለኝ። አክስቴ ከሚኒያፖሊስ ስትመጣ ያመጣችልን ያገለገለ ሪሲቨር ነው። 11 ኪሎ ይመዝናል። «ቮልቱ ለእኛ አገር አይሆንም» ተብሎ ሁለት ዓመት አቧራ ጠጥቷል። ጀርባው ላይ «120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ፣ 280 ዋት» ተጽፏል። እንዲሁ 220 ላይ ቢሰካ ፊውዙ ቢተርፍ እንኳ ሌላው አይተርፍም። ስለዚህ ቮልት የሚያወርድ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል፤ መጠኑም ልክክ ያለ ሳይሆን ትርፍ ያለው መሆን ስላለበት ባለ 500 ቪ.ኤ. ገዛሁ። ትራንስፎርመር ቮልት እንጂ ፍሪኩዌንሲ አይቀይርም። ለ60 ኸርዝ ብቻ የተሠራ ዕቃ በእኛ 50 ኸርዝ ሲሠራ ውስጡ ይበልጥ ሊሞቅ ይችላል። አቧራውን አጸዳሁ፣ ከላይና ከጎን አየር እንዲያገኝ ከቁምሳጥን አወጣሁት፣ ሁለት ሰዓት አሠርቼ ክዳኑን በእጄ ነካሁ። ሞቀ እንጂ አልፋጀም።

የአዲሱን ዕቃ ስፒከሮች ልቀጥልበት ስል ደግሞ 3 ኦም ሆነው ተገኙ። ሪሲቨሩ ከ6 ኦም በታች እንዳይቀጠልበት ያስጠነቅቃል። ኦም ሲያንስ ከረንት ይጨምራል፤ ሪሲቨሩን ሊያቃጥለው ይችላል። ድሬዳዋ ሄጄ ታይዋን ከሚባለው ገበያ ያገለገሉ ባለ 8 ኦም ስፒከሮች ሦስት መርጬ መጣሁ።

ሁለቱን ግራና ቀኝ፣ አንዱን ከቴሌቪዥኑ ሥር መሐል ላይ አስቀመጥኩ። የመሐሉ ነው ዋናው። በፊልም ላይ አብዛኛው ንግግር የሚወጣው በእሱ በኩል ነው። ዜናው የሚመጣው በሁለት ቻናል ቢሆንም ሪሲቨሩ ዶልቢ ፕሮ ሎጂክ ሁለት የሚባል ዘዴ ስላለው፣ በግራና በቀኝ አንድ ዓይነት የሆነውን ድምፅ ለይቶ ወደ መሐል ይልከዋል። አንባቢዋ ብዙውን ጊዜ ያለችው እዚያ ነው። መሐሉን 4 ዴሲቤል ጨመርኩ፣ ቤዙን ቀነስኩ፣ «ናይት» የሚለውን አበራሁ፤ እሱ ጩኸቱን ዝቅ፣ ሹክሹክታውን ከፍ ያደርጋል።

ከምሽቱ 2 ሰዓት ሊሆን ሲል አባባን ጠራናቸው። «እናንተ እዩ» አሉ። እማዬ «አንዴ ብቻ» ብላ እጃቸውን ይዛ አስገባቻቸው። ዜናው ሲጀመር ጎንበስ ብለው ቆዩና «ይቺ ልጅ ድሮም እንዲህ አጥርታ ነው የምታነበው?» ብለው ጠየቁ። ማንም አልመለሰም። እህቴ ደብተሯን ዘግታ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ትንሽ ቆይተው ደግሞ «በሉ ትንሽ ቀንሱት፣ ጎረቤት እንዳይረበሽ» አሉ። ይህን ከእሳቸው አፍ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

12000 ዋቱን ወንድሜ ለፀጉር ቤቱ ወሰደው፤ የእማዬን እቁብም እሱ እየጣለላት ነው። እዚያ ዕቃው ቦታውን አገኘ መሰለኝ፣ ደንበኞቹ ወደውታል።

እናንተም ልትገዙ ስትነሱ ካርቶኑን ትታችሁ የዕቃውን ጀርባ አንብቡ፤ ቮልቱን፣ የሚወስደውን ዋት፣ ኦሙን። ቴሌቪዥናችሁ የድምፅ መውጫው ምን እንደሆነ አይታችሁ ሂዱ። ከሁሉ በላይ ግን የሚያዳምጠውን ሰው ይዛችሁ ሂዱ። እኔ አባባን ሳልጠይቅ ነው የሄድኩት።

ደግሞ ይህ ዕቃ መድኃኒት አይደለም። አባባ «ጆሮዬ ምንም አልሆነም» እያሉ ምርመራን ለዓመታት እምቢ ብለው ነበር። ባለፈው ሳምንት ዜናው ሲያበቃ ወደ እኔ ዞረው «ይሄን ሁሉ ጊዜ ይሄ ሁሉ አምልጦኛል ማለት ነው?» አሉኝ። ሰኞ ጠዋት ወደ ጆሮ ሐኪም አብረን እንሄዳለን።

ቸር ይግጠመን።