ጭሱ ሄደ፣ ሰልፉ ቀረ

መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በየመንገዱ በዝቷል። መቼም የሚናቅ አይደለም። መብራታችን በአብዛኛው ከውኃ የሚመነጭ ስለሆነ፣ ከመኪናው የቀረው ጭስ ዞሮ በማመንጫው አይወጣም። በድንጋይ ከሰል የሚያመነጭ አገር እንዲህ ሊል አይችልም።

መንገዱስ፣ እናንተዬ? ባለ ባትሪውም ባለ ናፍጣውም የሚይዘው አስፋልት ያው ነው። መገናኛ አደባባይ ላይ ሁሌ የማየው ይህንኑ ነው፦ አንድ ሰው ብቻውን የተቀመጠባት ዝምተኛ መኪና መንገድ ዘግታ ትቆማለች፤ ከኋላዋ አሥራ ሁለት ሰው የጫነ ሚኒባስ ጥቁር ጭሱን እየለቀቀ ይጠብቃል። ያንን ጭስ የሚተነፍሰው ደግሞ መስኮቱን የዘጋው ሳይሆን ታክሲ ጠባቂው፣ ሊስትሮው፣ ቆሎ ሻጯ ናት። የጎማውና የአስፋልቱ ብናኝም እንዳለ ነው፤ ባትሪ እንደሆነ መኪናን ያከብዳል እንጂ አያቀልም።

እኔን የሚከነክነኝ ቅደም ተከተሉ ነው። ሲነጋ ወጥቶ እስኪመሽ ከተማውን የሚያስሰው ሚኒባስ እያለ፣ ከቤት ቢሮ ተመላልሶ ግቢ ውስጥ የሚያድረው መኪና ለምን ይቅደም? የዶርም ጓደኛዬ ይህን ስነግረው «ቅናት ነው» ይለኛል። ይሁንለት፤ ሲመረቅ ሊገዛ ያሰበውን ቀለም እንኳ መርጧል።