የሐሙስ ምሽት የዜማ ቆጠራ

በ1990ዎቹ ዓመታት እንግሊዝ አገር ያደገ ሰው ስለ ሐሙስ ምሽት ሲጠየቅ መልሱ ከሞላ ጎደል አንድ ነው። ከምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ ሲሆን ያልተሠራው የቤት ሥራ ይታጠፋል፣ እራቱ እንደነገሩ ይጎረሳል፣ ቤተሰቡም ወዶም ሆነ ሳይወድ በቴሌቪዥኑ ዙሪያ ይሰበሰባል። የሚጠበቀው ዝግጅት «ቶፕ ኦፍ ዘ ፖፕስ» ይባል ነበር፤ ስሙ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ከተወዳጅ ዘፈኖች የላቁት» እንደ ማለት ነው። ቢቢሲ በየሳምንቱ ያቀርበው የነበረው ይህ ትርኢት የሚወስደው ጊዜ ግማሽ ሰዓት ያህል ብቻ ሲሆን፣ በዚያች ግማሽ ሰዓት ውስጥ አገሩ በሳምንቱ የትኞቹን ሸክላዎች አብዝቶ እንደገዛ በራሳቸው በዘፋኞቹ አንደበት ይነገር ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጠቀሱ ናቸው።)

ዝግጅቱ የ1990ዎቹ ልጅ አልነበረም። የተጀመረው ጃንዋሪ 1 ቀን 1964 በማንችስተር ከተማ፣ ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን በነበረና ኋላ ወደ ስቱዲዮነት በተለወጠ ሕንፃ ውስጥ ነው። በዚያች የመጀመሪያ ምሽት ከቀረቡት መካከል ሮሊንግ ስቶንስ ሲገኙበት፣ የአንደኝነቱን ደረጃ ይዘው የተገኙት ደግሞ ቢትልስ ነበሩ። ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ታስቦ የተጀመረ ሥራ አርባ ሁለት ዓመት ሊዘልቅ የቻለው በመብራቱ ድምቀት ወይም በአስተዋዋቂዎቹ ጨዋታ አይደለም። ያቆመው ደንቡ ነው። አንደኛ የወጣው ዘፈን ሁልጊዜ የዝግጅቱ መዝጊያ ይሆናል። ከአንደኛው በቀር ማንኛውም ዘፈን በሁለት ተከታታይ ሳምንታት አይቀርብም። ደረጃው ያሽቆለቆለ ዘፈን፣ ዘፋኙ የቱንም ያህል ስመ ጥር ቢሆን፣ ደጃፉን አይረግጥም። በሌላ አነጋገር አዘጋጁ የወደደውን ሳይሆን ሰንጠረዡ ያዘዘውን ያቀርባል።

ሰንጠረዡ የሚሰናዳው በመላ አገሩ ከሚገኙ የሙዚቃ መደብሮች በሚሰበሰብ የሽያጭ ቁጥር ነበር። ውጤቱ እሑድ አመሻሽ ላይ በሬዲዮ ይነገራል፤ ታዳጊው ባዶ ካሴት በመቅረጫው ውስጥ አስገብቶ፣ ጣቱን ከቁልፉ ላይ አሳርፎ፣ አስተዋዋቂው ንግግሩን እስኪጨርስ ይጠባበቃል። (አስተዋዋቂው ያለቦታው ገብቶ ካሴቱን ያላበላሸበት ሰው ከዚያ ትውልድ መካከል ማግኘት አስቸጋሪ ሳይሆን አይቀርም።) ከእሑድ እስከ ሐሙስ ያሉት ቀናት በትምህርት ቤት ቅጥር ውስጥ የክርክር ቀናት ናቸው። የትኛው ወጣ፣ የትኛው ወረደ፣ ማን ተበደለ? ከኪሱ ጥቂት ሳንቲም አውጥቶ አንድ ሸክላ የገዛ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሕግ የመምረጥ መብት ገና አልሰጠውም፤ የሰጠው ድምፅ ተቆጥሮ ውጤቱ በአደባባይ ሲነገር የሚያየው በዚህ ትርኢት ብቻ ነበር። በቤትም ውስጥ እንዲሁ አባት ጋዜጣውን ዝቅ አድርጎ «ይህ ወንድ ነው ወይስ ሴት?» ብሎ መጠየቁ፣ እናት ያልተጠበቀ ዜማ ወዳ ማንጎራጎር መጀመሯ የትርኢቱ አንድ ክፍል እንደነበረ መቁጠር ይቻላል። ልጅ የራሱ የሆነውን ሙዚቃ በወላጆቹ ፊት ይመለከታል፤ ወላጆችም የልጃቸውን ዓለም በግድም ቢሆን ያያሉ። አንድ ቤት ውስጥ አንድ ቴሌቪዥን ብቻ በነበረበት ጊዜ ይህ መገናኛ ቀላል ነገር አልነበረም።

የደንቡ ጥብቅነት አንድ ጊዜ ከኢትዮጵያ ጋር በተያያዘ ጉዳይ ተፈትኗል። በ1984 መገባደጃ ላይ የረሃቡ ሰቆቃ በቢቢሲ ዜና ከታየ በኋላ፣ ቦብ ጌልዶፍና ሚጅ ዩር የዘመኑን ዝነኞች አሰባስበው «ዱ ዜይ ኖው ኢትስ ክሪስማስ» የተሰኘውን ዘፈን በኖቬምበር 25 ቀን አስቀረጹ። ጌልዶፍ ዘፈኑ ሳይውል ሳያድር በሐሙሱ ትርኢት እንዲቀርብ ፈለገ። ዳሩ ግን ዘፈኑ ገና ለገበያ ስላልዋለ ደረጃ አልነበረውም፤ ደረጃ የሌለው ዘፈን ደግሞ መድረኩ ላይ አይወጣም። በመጨረሻ የተገኘው መላ ከደንቡ ጎን ማለፍ ነበር፤ የጣቢያው ኃላፊ የዝግጅቶቹን ሰዓት በጥቂት ደቂቃዎች አሸጋሽጎ፣ የዘፈኑ ፊልም «ቶፕ ኦፍ ዘ ፖፕስ» ከመጀመሩ አስቀድሞ እንዲታይ አደረገ። ሸክላው ለሽያጭ እንደበቃ አንደኛ ወጣ፣ ከዚያ በኋላ በደንቡ መሠረት መዝጊያ ሆነ። ክርስትና ከአራተኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ በኖረበት አገር ሰዎች ዘንድ የገናን በዓል ማወቅ አለማወቃቸውን የሚጠይቀው የዘፈኑ ርዕስ ምን ያህል እንግዳ እንደሆነ ራሱን የቻለ ሌላ ጽሑፍ የሚጠይቅ ነው።

የ1990ዎቹ ታሪክ የሚከፈተው ግን በሌላ ጥያቄ ነው። መድረክ ላይ የሚታየው ሰው በእርግጥ ይዘፍናልን? ለብዙ ዓመታት በትርኢቱ ላይ ከቀረቡት ድምፃውያን አብዛኞቹ በተቀረጸ ድምፅ ላይ ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሱ ነበር፤ የሙያው ሰዎች ፕሌይባክ የሚሉት ነው። የአሥርታቱ መባቻ ይህ ልማድ ለከባድ ትዝብት የተጋለጠበት ጊዜ ነው። በ1989 «ራይድ ኦን ታይም» የተሰኘው የብላክ ቦክስ ዘፈን ስድስት ሳምንት በአንደኝነት ሲቆይ፣ በቴሌቪዥን አፏን የምታንቀሳቅሰው ሴት ሌላ፣ ከአሜሪካዊቷ ድምፃዊት ከሎሊያታ ሆሎዌይ ቀደምት ሸክላ ተቆርጦ የተወሰደው ድምፅ ሌላ ነበር። በ1990 ደግሞ ሚሊ ቫኒሊ የተባሉት ሁለት ወጣቶች በሸክላቸው ላይ አለመዝፈናቸው ሲጋለጥ የተሰጣቸው የግራሚ ሽልማት ተነጠቀ። ቢቢሲ በኦክቶበር 1991 ትርኢቱን ኤልስትሪ ወደሚገኘው ስቱዲዮ ሲያዛውር አዲስ ትእዛዝ አወጣ፤ መሣሪያው ከቴፕ ሊሰማ ይችላል፣ ድምፃዊው ግን በቀጥታ መዝፈን አለበት የሚል።

ትእዛዙ በወጣ በሁለተኛው ወር ኒርቫና የተባለው የአሜሪካ ቡድን ቀረበ። መሪ ድምፃዊው ከርት ኮቤን የታዘዘውን ቃል በቃል ፈጸመ፤ ዘፈነ። ይሁን እንጂ የሚታወቅበትን የጩኸት ድምፅ ትቶ፣ ከጉሮሮው ሥር በሚወጣ ወፍራም ድምፅ እየጎተተ ዘፈነው። ጊታሩን ጣቶቹ ለይስሙላ ይዳስሱታል፤ ከበሮ መቺው ዴቭ ግሮልም ከሚሰማው ምት ጋር በማይገጥም አኳኋን ከበሮውን ይወቅጣል። ድምፁ እውነተኛ ከሆነ መሣሪያው ለምን ሐሰተኛ ይሆናል የሚለውን ጥያቄ ከዚህ በተሻለ የሚያቀርብ ሂስ በጋዜጣ አልተጻፈም ማለት ማጋነን አይሆንም። በ1992 ደግሞ ዘ ኦርብ የተባሉት በማሽን የሚቀነባበር ሙዚቃ ሠሪዎች ተጋበዙ። «ብሉ ሩም» የተሰኘው ሥራቸው አርባ ደቂቃ ያህል የሚፈጅ ነበር፤ ለትርኢቱ ሲባል ጥቂት ደቂቃ ብቻ ተቆረጠለት። ዘፋኝ የለውም፣ መድረክ ላይ የሚመታ መሣሪያም የለውም። ሙዚቃው ከቴፑ ሲንቆረቆር ሁለቱ ሰዎች ቁጭ ብለው ቼዝ ተጫወቱ። የታየው ነገር ለመዝናኛ አይመችም የሚል ተመልካች ይኖር ይሆናል፤ ነገር ግን በዚያ ዓመት በዚያ መድረክ ላይ ያላስመሰሉት እነርሱ ነበሩ።

ደንብ የሚያስገድዳት እውነት ብዙ አልቆየችም። በ1994 አዲስ አዘጋጅ ሲመጣ የቀጥታ ዘፈኑ ግዴታ ላላ፤ የአስተዋዋቂነቱንም ሥራ ተዋንያን፣ ኮሜዲያንና ራሳቸው ዘፋኞቹ እየተፈራረቁ ያዙት። ትርኢቱም ነፍስ ዘራ። የዚህ ትንሣኤ ከፍተኛው ነጥብ የ1995 ኦገስት ነው። ብለር «ካንትሪ ሃውስ» የተባለውን፣ ኦኤሲስ ደግሞ «ሮል ዊዝ ኢት» የተባለውን ሸክላ በአንድ ቀን፣ በኦገስት 14፣ ለገበያ አቀረቡ። ጋዜጦቹ ጉዳዩን የመደብ ፍልሚያ አድርገው ቀረጹት፤ በአንድ ወገን የደቡቡ የተማሩ ልጆች፣ በሌላ ወገን የማንችስተር የሠራተኛ መንደር ወንድማማቾች። የቢቢሲ ዋና ዜና ሳይቀር ስለ ሽያጩ ዘገበ። ቆጠራው ሲጠናቀቅ ብለር 274,000፣ ኦኤሲስ 216,000 ሸጠው ተገኙ። የኦኤሲሶቹ ወንድማማቾች በትርኢቱ ላይ ሲቀርቡ ቦታ ተለዋወጡ፤ ዘፋኙ ሊያም ጊታር የሚጫወት፣ ጊታሪስቱ ኖኤል የሚዘፍን መስለው ታዩ። ፕሌይባኩ ስለተመለሰ ማንም ሰው የማንንም ቦታ ሊይዝ ይችል ነበር።

በዚያ ሳምንት ግን ያልተስተዋለ ነገር አለ። ሁለቱም ዘፈኖች ገና በመጀመሪያው ሳምንት አንደኛና ሁለተኛ ሆነው ገቡ፤ ወደ ላይ የሚወጡበት ደረጃ የተረፋቸው አልነበረም። ቀድሞ አንድ ዘፈን ሠላሳኛ ሆኖ ይገባል፣ በሚቀጥለው ሳምንት አሥራ ስምንተኛ፣ ከዚያ ዘጠነኛ ይሆናል። ሐሙስ ማታ በትርኢቱ የታየው ዓርብና ቅዳሜ ይገዛል፤ የተገዛው በሚቀጥለው እሑድ ይወጣል። የትርኢቱ ድራማ ይህ አቀበት ነበር። ዘፈን ወዳጆቹን በየሳምንቱ እያበዛ ሲወጣ ተመልካቹ አብሮት ይወጣል፤ ቀርቶም እንደሆነ አብሮት ያዝናል። በ1990ዎቹ አጋማሽ የሸክላ ኩባንያዎች አቀበቱን የሚያስቀር ብልሃት አገኙ። ዘፈኑ ለሽያጭ ከመቅረቡ ሳምንታት አስቀድሞ በሬዲዮ ደጋግሞ እንዲሰማ ይደረጋል፤ ናፍቆቱ በአንድ ቀን እንዲፈነዳ ይጠበቃል፤ በመጀመሪያው ሳምንት ዋጋው ይቀነሳል፤ አንዱ ዘፈን በሁለት ልዩ ልዩ ሲዲ ይታተምና ታማኙ አድናቂ ሁለቱንም እንዲገዛ ይደረጋል። ውጤቱም ዘፈኑ ከላይ ይገባል፣ በማግሥቱ ሳምንት ይወድቃል።

በ1991 ብራያን አዳምስ በአንድ ዘፈን ለተከታታይ 16 ሳምንታት፣ በ1994 ዌት ዌት ዌት ለ15 ሳምንታት አንደኝነቱን ይዘው ቆይተዋል። በጊዜው ተመልካቹ ሰለቸኝ እያለ ያማርር ነበር። በ2000 ግን በአንድ ዓመት ውስጥ ከአርባ በላይ ዘፈኖች በአንደኝነት ተፈራረቁ። ከነዚህ መካከል ስንቶቹን አንድ መምህር ወይም አንድ የመደብር ሠራተኛ ዛሬ ሊያዜማቸው ይችላል? ሰንጠረዡ አልዋሸም፤ የተሸጠው ሁሉ በትክክል ተቆጥሯል። ይሁንና ቆጠራው ሕዝቡ ምን እንደወደደ መናገሩን ትቶ፣ ኩባንያው የመጀመሪያውን ሳምንት ምን ያህል በጥበብ እንዳሰናዳ መናገር ጀመረ። የወረደ ዘፈን አይቀርብም የሚለው የጥንቱ ደንብ አሁን በራሱ በትርኢቱ ላይ ዞረበት፤ ከላይ የገባ ሁሉ በሚቀጥለው ሳምንት የሚወርድ ስለሆነ፣ ደንቡ በኋላ እየላላ ቢሄድም፣ ተመልካቹ አንድን ዘፈን ብዙውን ጊዜ የሚያየው አንድ ጊዜ ብቻ ሆነ። ሰው አንድ ጊዜ ብቻ ያየውን እንግዳ ወዳጄ አይለውም። ለትርኢቱ መድከም ብዙ ሰዎች ሌሎች ምክንያቶችን ያስቀድማሉ፤ የሰንጠረዡን ያህል የጎዳው ግን የለም።

ሌሎቹ ምክንያቶች በእርግጥ ነበሩ። በ1996 ዝግጅቱ ከሐሙስ ወደ ዓርብ ተዛወረ፤ በዚያም የንግድ ጣቢያው ዝነኛ ተከታታይ ድራማ «ኮሮኔሽን ስትሪት» ተፎካካሪው ሆነ። በሳተላይት የሚመጡት የሙዚቃ ጣቢያዎች ደግሞ ሐሙስን የመጠበቅን ትርጉም አሳጡት። የንግድ ጣቢያው በሥራ ማቆም አድማ ተዘግቶ በነበረበት በ1979 እስከ 19 ሚሊዮን የደረሰው የተመልካች ቁጥር በመጨረሻዎቹ ወራት ወደ አንድ ሚሊዮን ገደማ ወርዶ ነበር። በ2005 ወደ ሁለተኛው ጣቢያ ተገፋ፤ ጁላይ 30 ቀን 2006 ሳምንታዊው ዝግጅት ተዘጋ።

በዚያች የመጨረሻ ምሽት የስቱዲዮውን መብራት ሲያጠፋ የታየው፣ በ1964 የመጀመሪያውን ምሽት ያስተዋወቀው ያው ሰው ነበር። ሰውዬው በ2011 ከሞተ በኋላ፣ ለአሥርታት በሕፃናትና በወጣቶች ላይ የወሲብ ጥቃት ሲፈጽም መኖሩ በ2012 ይፋ ሆነ፤ በ2016 የወጣው የምርመራ ሪፖርትም ከጥቃቶቹ የተወሰኑት ከዚሁ ትርኢት ጋር የተያያዙ እንደነበሩ አረጋግጧል። በመድረኩ ዙሪያ እንዲጨፍሩ የተጋበዙት ታዳጊዎች ለካሜራው ድምቀት ነበሩ፤ ማን እንደሚጠብቃቸው በቅጡ የጠየቀ አልነበረም። ቢቢሲ ከ2011 ጀምሮ በአራተኛው ጣቢያው የጥንቶቹን ዝግጅቶች ከ1976 ጀምሮ በቅደም ተከተል መልሶ ሲያሳይ፣ ያ ሰው ያስተዋወቃቸው ምሽቶች ጥቃቱ ይፋ ከሆነ ወዲህ ተዘለዋል። የቀሩትን የሚመለከት ሰው የወጣትነቱን ዜማ በደስታ ቢያዳምጥም፣ ዓይኑ ከዘፋኙ ይልቅ ከመድረኩ ሥር ወደቆሙት ልጆች መሄዱ አይቀርም።

ሰንጠረዡ ራሱ አልሞተም። ከ2014 ጀምሮ በኢንተርኔት የሚደመጠውም ዘፈን ከሚሸጠው ጋር ይቆጠራል፤ ውጤቱ ከ2015 ወዲህ የሚነገረው ዓርብ ቀን ነው። አንድ ሰው አንድን ዘፈን ደጋግሞ ማዳመጡም ድምር ውስጥ ስለሚገባ፣ ዘፈኖች እንደገና ቀስ ብለው መውጣትና ለረጅም ጊዜ መቆየት ጀምረዋል። የልዊስ ካፓልዲ «ሰምዋን ዩ ላቭድ» በኖቬምበር 2018 ወጥቶ አንደኛ የሆነው በማርች 2019 ነው፤ አራት ወር የሚጠጋ አቀበት። በየሳምንቱ አንድ ደረጃ ሲወጣ ግን ዘፋኙን ጠርቶ ለቤተሰብ ሁሉ በአንድ ሰዓት የሚያሳይ ሳምንታዊ ትርኢት ከተዘጋ አሥራ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር።