ማን ሰበረው?

በየመኝታ ክፍላችን አንድ ቃል ገብቶ ተደላድሏል፤ «ሃክ» ይሉታል። ስልክ ከተንቀራፈፈ ሃክ ተደርጎ ነው፤ ካርድ ካለቀ ሃክ ተደርጎ ነው፤ ፍቅረኛ ካኮረፈች እንኳ ሃክ ተደርጋ ነው። ቀልዱስ ይሁን። ግን በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በባንክ የደረሰውን ነገር ዛሬም በዚሁ ቃል የሚጠራው ብዙ ነውና እስቲ ጥቂት እንነጋገርበት።

ታሪኩን አንባቢ ያውቀዋል። መጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ፣ ዓርብ ሌሊት፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ሒሳቡ ውስጥ ለሌለው ሰው ሁሉ ይከፍል ጀመር። ባንኩ ነቅቶ አገልግሎቱን እስኪዘጋ ድረስ 490,000 ያህል ዝውውር ተደርጓል። ያለአግባብ የወጣው 801 ሚሊዮን ብር ገደማ መሆኑን ባንኩ ቆይቶ ገለጸ። ብዙውን ያወጡት ተማሪዎች መሆናቸውን የባንኩ ፕሬዚዳንት አቶ አቤ ሳኖ ተናገሩ። ዩኒቨርሲቲዎች «መልሱ» የሚል ማስታወቂያ ለጠፉ፤ ያልመለሱት ሰዎች ስምና ፎቶግራፍም ወጣ። አብዛኛው ገንዘብ ተመልሷል። «ማሽኑ ሰጠኝ እንጂ አልሰረቅሁም» የሚለውን የመኝታ ክፍል ክርክር እዚህ አላመጣውም፤ ሰልችቶኛል።

እኔ የቋንቋ ተማሪ ነኝ፤ በኮምፒውተር ነገር አልመጻደቅም። ነገር ግን ባንኩ ራሱ የሳይበር ጥቃት አይደለም እያለ እኛ ሃከር የምንፈልገው ለምንድን ነው? ቃሉ ስለሚመቸን ይመስለኛል፤ ጥፋቱን ለማይታይ ሰው ያሸክምልናል። በዚያው ዓመት ሐምሌ 12 ቀን ክራውድስትራይክ የተባለው የኮምፒውተር ጥበቃ ኩባንያ በላከው አንድ የተበላሸ ማሻሻያ 8.5 ሚሊዮን ያህል የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች በዓለም ዙሪያ ቀጥ አሉ፤ በረራዎች ተሰረዙ፣ ሆስፒታሎች ተስተጓጎሉ። እዚያም ሌባ አልነበረም። ዘበኛው ራሱ ነው በሩን የቸነከረው።

አገሬ መካነ ሰላም ነው። በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ተቋርጦ ስለነበር የባንኩ ወሬ ወደ ቦረና የገባው በአፍ ነው፤ ከደሴ በሚመጣ መኪና። አፍ ደግሞ ሲያሻግር ይጨምራል፤ እዚያ ሲደርስ «የሰው ሁሉ ገንዘብ ጠፋ» ሆኗል። እናቴ ባቄላና ምስር ነጋዴ ናት። ደወለችልኝ።

«ልጄ፣ የእኔስ አለ?»

«አለ እማዬ፤ የጎደለው የባንኩ ነው።»

«ባንኩ የማን ነው ታዲያ?» አለችኝ። ምን ልበላት?

ማንበብ አትችልም። የስልኳ ባንክ የምስጢር ቁጥር እኔ የተወለድኩበት ዓመት ነው። ገንዘብ መላክ ስትሻ ስልኩን ለጎረቤት ልጅ፣ ለስምንተኛ ክፍል ተማሪ ትሰጣለች፤ ልጅቷ ታነባለች፣ ትጫናለች። ቁጥሩን ቀይሪው ብላት «ሌላ ቁጥር ከየት አመጣለሁ?» ትላለች። «የምስጢር ቁጥርዎን ለማንም አይስጡ» የሚል መልእክት በየጊዜው ይመጣላታል፤ እሱንም የምታነብላት ያችው ልጅ ናት!

እንግዲህ ይህቺ ሴት ስለ ጥበቃ አታውቅም እንዳትሉ። በሰፈራቸው የሴቶች ቁጠባ አለ። ሣጥኑ ሦስት ቁልፍ አለው፤ ሦስት ሴቶች ይይዙታል፤ አንዷ ከቀረች አይከፈትም። ሲከፈትም ሁሉም እያዩ፣ ጮክ ተብሎ ይቆጠራል፤ የማታነበውም ትሰማለች። የኮምፒውተር ሰዎች አንድ ባለሙያ ብቻውን ሲስተም እንዳይነካ፣ ሌላ ሰው አይቶ ያጽድቅ የሚሉት ደንብ ከዚህ ብዙ የራቀ አይመስለኝም። ልዩነቱ የሣጥኑን ቁልፍ የሠራ ሰው እናቴን ያውቃት ነበር፤ የስልኩን የሠራው ግን አያውቃትም።

ለዕረፍት ስሄድ የባንኩን ጉዳይ እንደምንም አስረዳኋት፤ ሲስተም፣ ማሻሻያ፣ ፍተሻ እያልኩ። ምስሯን እየለቀመች ዝም ብላ ሰማችኝና «ያን ሌሊት ቁልፉን የያዙት ስንት ነበሩ?» ብላ ጠየቀችኝ። ተመልሼ ኮምፒውተር የሚማሩ ጓደኞቼን ጠየቅሁላት። እነሱ አሁንም የሚያወሩኝ ስለ ሃከር ነው።