ከአጥር ጀርባ የተሸሸገ ሕመም

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው ብሂል ለአካል ሕመም ሲነገር ማንም ሳያቅማማ ይቀበለዋል። ሕፃን ሲያተኩሰው ወይም እግሩን ወለም ሲለው ቤተሰብ ተሯሩጦ ሐኪም ወይም ወጌሻ ይፈልጋል። የታመመው የልጁ መንፈስ ሲሆን ግን ሕመሙ የዘር እንከን ተደርጎ ይታያል፤ የቤቱም በር ይዘጋል።

ከደብረ ታቦር ወደ ነፋስ መውጫ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ገሳይ የገብስና የድንች አገር ናት። በዚህ ደጋ፣ እንደ ሌላውም የአገራችን ገጠር፣ ዝምታ ለልጅ ጨዋነት ነው። ስለዚህ በሐዘን ዝም ያለው ልጅ «እንዴት ያለ ጨዋ ነው» ተብሎ ይመሰገናል፤ በቅዠት እየባነነ መኝታው ላይ የሚሸናው ይገረፋል፤ ሐሳቡ ተበታትኖ ከትምህርቱ ወደ ኋላ የቀረው ሰነፍ ይባላል። ሕመሙ አንድም በምስጋና፣ አንድም በአለንጋ ይሸፈናል።

ጦርነት በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ወደ ደቡብ ጎንደር ሲደርስ ወሩ የቡሄ፣ የጅራፍና የሆያ ሆዬ ወር ነበር። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ በክልሉ ሌላ ግጭት ተነሣ። የተኩስ ድምፅ የሰማ ልጅ ጅራፍ ሲጮኽ ቢደነግጥ ሊያስገርም አይገባም።

እንዲህ ያለው ልጅ ወዴት ይወሰድ? ለብዙ ዘመን በአገሪቱ የነበረው ብቸኛ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል፣ ከገሳይ ከስድስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በአዲስ አበባ የሚገኘው አማኑኤል ነበር። በ1970ዎቹ መጨረሻ በዚያው የተጀመረው የአእምሮ ሕክምና ነርሶች ሥልጠና አገልግሎቱን ወደ ክፍላተ ሀገር ማድረስ ጀመረ። በሶዶ ወረዳ ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ የተሠራው ሥራም፣ የጤና ጣቢያ ሠራተኛ ከሠለጠነና ደጋፊ ካገኘ ብዙውን ሕመምተኛ እዚያው በቀዬው ሊረዳ እንደሚችል አሳይቷል። ለልጆች የሚደረገው ግን ገና ብዙ ይቀረዋል።

ልጅን ከእናቱ ነጥሎ ማከም ደግሞ አይቻልም። እናት በሐዘን ተውጣ ከምድጃዋ ዳር ስትቀመጥ ሕፃኑ የሚያጫውተው፣ አልፎም የሚያበላው ያጣል። እንግዲህ በየቤቱ የምትዘልቀው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የክትባቱን ካርድ ስታይ «አንቺስ እንቅልፍ ይወስድሻል ወይ?» ብላ መጠየቅ ይገባታል። መምህሩ ዝም ያለውን ልጅ ከረባሹ እኩል ይከታተል። ካህኑም ጠበል የመጣውን ቤተሰብ «ሐኪምም አማክሩ» ቢለው፣ ከሁሉ ይልቅ የሚታመነው የእርሱ ቃል ነውና በሩ ይከፈታል።

ደራሲውና የቴአትር ሰውም ድርሻ አላቸው። እብድን የመድረክ መሣቂያ ማድረግ ቀላል ነው፤ ተመልካቹም ይስቃል። ከተመልካቹ መካከል ግን ልጇን ቤት ቆልፋ የመጣች እናት ልትኖር ትችላለች። የዚያች እናት ቁልፍ የሚከፈተው ጎረቤቶቿ የማይስቁባት መሆናቸውን ባወቀች ቀን ነው።