ሲቀነስ 127

የአክስቴን 48 እንቁላል የገደለው አንድ መስመር ኮድ ነው። የጻፍኩት እኔ ነኝ።

አክስቴ ቢሾፍቱ ዶሮ ታረባለች። ባለፈው ዓመት አንድ የተበላሸ ፍሪጅ አገኘችና "ይሄን መፈልፈያ አታደርግልኝም?" አለችኝ። የዚህ ቻናል ነባር አንባቢ እንደሚያውቀው "አልችልም" የምትለው ቃል በሰዓቷ አትመጣልኝም።

ቦርዱን ቤት ውስጥ ሠራሁት። መስመሮቹን በሌዘር ፕሪንተር አትሜ በልብስ ካውያ መዳቡ ላይ አጣበቅኩ፤ ፌሪክ ክሎራይድ ውስጥ ነክሬ ትርፉን መዳብ አስበላሁት። (የእናቴ ነጭ ሳፋ እስከ ዛሬ ቡናማ ነው።) መሃሉ ላይ አትሜጋ 328ፒ ተቀመጠ፦ 32 ኪሎባይት ፍላሽ፣ 2 ኪሎባይት ራም። ሁለት አምፖል ለማብራትና ለማጥፋት ከበቂ በላይ ነው። ፈርምዌሩን ራሴ ጽፌ ማንም እንዲወስደው ጊትሃብ ላይ ለቀቅኩት።

እንቁላል 21 ቀን፣ 37.5 ዲግሪ አካባቢ ይፈልጋል። የኮዱም ልብ ይኸው ነበር፦ ከ37.5 ካነሰ አብራ፣ ካለፈ አጥፋ። ምኑ ይሳሳታል?

16ኛው ቀን ማታ አክስቴ ውሃ ልትጨምር በሩን ከፈተች። በችኮላ የበየድኩት የሴንሰሩ ሽቦ ተነቀለ። ሴንሰሩ ዲኤስ18ቢ20 የሚባለው ነው። ይሄ ሴንሰር ከቦርዱ ሲለያይ ላይብረሪው አይጮህም፤ −127 የሚል ቁጥር ይመልሳል። "ሴንሰሩን አላገኘሁትም" ማለቱ ነው። የላይብረሪው ኮድ ውስጥ በግልጽ ተቀምጧል፤ እኔ አላነበብኩትም። የእኔ ፈርምዌር እንደ ሙቀት ቆጠረው። −127 ከ37.5 ያንሳል? ያንሳል። እንግዲያው አብራ። ሌሊቱን ሙሉ አበራ።

ጠዋት ስትደውል አልተቆጣችም። "ልጄ፣ ሳጥኑ እሳት ሆኗል" ብቻ አለች። ሄጄ አንዱን ሰበርን። ላባ አውጥቶ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ነው ይህን ያስጻፈኝ። ኮዱን 3 ሰዎች ወደ ራሳቸው ገልብጠውት ነበር። ማን እንደሆኑ አላውቅም፤ ምን ላይ እንደጫኑትም አላውቅም። አንድ ጓደኛዬ "ዝም ብለህ አስተካክልና ልቀቅ፣ ማን ያያል? ነገ ሥራ ስትፈልግ ስምህ ነው" አለኝ። ክፉ ምክር አልነበረም። አንድ ቀን ሙሉ አመነታሁ፣ አልዋሽም። ግን የገለበጠው ሰው አዲሱን ስሪት ካልወሰደ የእኔ ጸጥታ ምኑን ይጠቅመዋል? የገጹ የመጀመሪያ መስመር ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ "የመጀመሪያው ስሪት እንቁላል ይገድላል። አትጠቀሙበት።"

ማስተካከያው ራሱ የእኔ አይደለም ማለት ይቻላል። −127ን መጣል ቀላል ነው። ሽቦው ሳይነቀል ሴንሰሩ ከሳጥኑ ውጭ ቢንጠለጠልስ? 25 ዲግሪ ብሎ ይነግርሃል፣ ቁጥሩ ትክክል ነው፣ ውስጡ ግን ይነድዳል። መልሱን ማርሊን ውስጥ አገኘሁት። ማርሊን ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ የ3ዲ ፕሪንተር ፈርምዌር ነው፤ ኮዱ ክፍት ነው። ማሞቂያው በርቶ ሳለ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ሙቀቱ ካልጨመረ ሴንሰሩን ማመን ያቆማል፤ ሁሉንም ያጠፋል። ቤት እንዳይቃጠል ነው። የእኔም አሁን 20 ደቂቃ ጠብቆ ያጠፋና ይጮሃል። መጥፋቱም እንቁላሉን አይጎዳም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ቢቆይ ይጎዳል፤ ግን እንቁላል ከሙቀት ይልቅ ለጥቂት ጊዜ ብርድ ይታገሣል፤ የታቀፈችው ዶሮም እህል ልትለቅም ትነሳለች።

ከማርሊን ሐሳቡን እንጂ ኮዱን አልወሰድኩም፤ በሕግ ዕዳ የለብኝም። ግን እነዚያ ሰዎች ጥንቃቄያቸውን ደብቀውት ቢሆን እኔ ሌላ 48 እንቁላል እፈጅ ነበር። "ለምን በነጻ ትሰጣለህ?" ለምትሉኝ በውስጥ መስመር የምመልሰው ይኸው ነው።

ሁለተኛው ዙር ዛሬ 11ኛ ቀኑ ነው። አክስቴ የመስታወት ቴርሞሜትር ገዝታ ከሴንሰሬ አጠገብ አስቀምጣለች። ጠዋትና ማታ ደብተር ላይ ትመዘግብና ፎቶውን ትልክልኛለች። በ0.4 ዲግሪ ይለያያሉ። የማን ልክ እንደሆነ እስካሁን እየተከራከርን ነው።