ወልድያ ወደብ ባትሆንም

ግንቦትና ጥቅምት በመጡ ቁጥር ዓይኔ የዓረቢያ ባሕር ላይ ነው። የሳተላይት ካርታ ከፍቼ ደመናው መሽከርከር ጀምሯል ወይ፣ ኒውደልሂ ያለው የሕንድ ሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤት ምን አለ፣ እያልኩ አያለሁ። ወልድያ ላይ ቡና ስንጠጣ ጓደኞቼ «ወደብ ልትከፍትልን ነው እንዴ?» ይሉኛል።

እውነት ነው፣ አውሎ ነፋሱ ወልድያ አይደርስም። የሚደርሰው ሌላ ነው።

ግንቦት 17 ቀን 2010 ዓ.ም. «መኩኑ» የተባለው አውሎ ነፋስ ኦማን ውስጥ ሳላላ አጠገብ ወደ የብስ ወጣ። ጥቅምት 4 ቀን 2011 «ሉባን» የመንን መታ። የጎርፉ ዜና ብዙም ሳይቆይ ተረሳ። ዝናቡ ግን ሩብ አል ኻሊ በሚባለው ሰው አልባ በረሃ አሸዋ ውስጥ ሰርጎ ቀረ። የበረሃ አንበጣ እንቁላሉን የሚጥለው እርጥብ አሸዋ ውስጥ ነው፤ ኩብኩባውም ለምለም ይፈልጋል። ሁለቱንም አገኘ። ፋኦ እንደሚለው አንድ ትውልድ በሦስት ወር 20 እጥፍ ሊራባ ይችላል። እዚያ ማንም ሳያየው ሦስት ትውልድ ተፈራረቀ። 20ን በ20፣ እንደገና በ20 አባዙት፤ 8,000 እጥፍ!

የመን ጦርነት ላይ ስለነበረች እንደ ልብ የሚያስስም የሚረጭም አልነበረም። በ2011 ክረምት መንጋው ባሕር ተሻግሮ ሶማሊያና ኢትዮጵያ ገባ። በ2012 ኅዳር መጨረሻ «ፓዋን» የተባለ ሌላ አውሎ ነፋስ ሶማሊያን አርጥቦ ጨመረለት።

በ2013 ጥቅምት ሀብሩ ላይ ያየነው የዚያ ዘር ነው፤ ክረምቱን አፋር ላይ ተራብቶ የመጣ። ማሽላው አሽቷል፣ ጤፉ ለአጨዳ ተቃርቧል። በመርሳ ዙሪያ ሕፃን ሽማግሌ ሳይል ጅራፍ እያጮኸ፣ ቆርቆሮ እየደበደበ ይሮጥ ነበር። ከአንዱ ማሳ የተባረረው ጎረቤት ማሳ ላይ ያርፋል። ጎረቤትም መልሶ ይልከዋል። እንዲህ ያለ ጭንቅ አላየሁም።

ታዲያ ማስጠንቀቂያ ሲወጣ የምንጠይቀው «እኛ ጋ ይደርሳል?» ብቻ ነው። «አይደርስም» ከተባለ ነገሩ አለቀ። እኔ ግን የምለው፣ ዝናቡ የትኛው በረሃ ላይ ወረደ? ከሦስት ወር በኋላስ ማን ሄዶ አየው? ከመኩኑ እስከ ሀብሩ ሁለት ዓመት ከአምስት ወር ገደማ አለ። ኬሚካል ለመግዛትና የመርጫ አውሮፕላን ለማዘጋጀት ይህ የሚያንስ ጊዜ ነው?

ደግሞ አሳሽ የማይደርስበት አገር ዛሬ የመን ብቻ አይደለም። በእኛው ዞን የግብርና ባለሙያ ሳይሰጋ የማይወርድባቸው ቀበሌዎች አሉ።