ኮማና የአባቴ ውል

በፈተና «ሪዲንግ፣ ራይቲንግ ኤንድ ቱ ስዊም» የሚለውን አርሙ ስንባል፣ ሦስተኛውን «ስዊሚንግ» ማለት ሲገባኝ ከ«ኤንድ» በፊት ኮማ ብቻ ጨምሬ ዜሮ አገኘሁ። (በአማርኛ «ና» ከቃሉ ጋር ስለሚጣበቅ ይህ ጣጣ የለብንም።)

ማታ ለአባቴ አማረርሁ፤ እርሳቸው የጭነት መኪና ነጂ ናቸው። መምህራችን የነገሩንንም አጫወትኋቸው፦ በአሜሪካ በሜይን ግዛት ሕጉ የትርፍ ሰዓት ጭማሪ የማይከፈልባቸውን ሥራዎች በ«ኢንግ» እየጨረሰ ዘርዝሮ፣ በመጨረሻ «ፓኪንግ ፎር ሺፕመንት ኦር ዲስትሪቡሽን» ይል ነበር። ከ«ኦር» በፊት ኮማ የለም፤ «ዲስትሪቡሽን»ም «ኢንግ» የለውም። ወተት አመላላሾቹ ነጂዎች «እኛ እናከፋፍላለን እንጂ አናሽግም» ብለው ተከራከሩ። በ2017 እ.ኤ.አ. ይግባኝ ሰሚው ፈረደላቸው፤ በ2018 በ5 ሚሊዮን ዶላር ታረቁ።

አባቴ ጥቂት ዝም አሉና፣ «እስቲ ልጄ፣ ያን በእንግሊዝኛ የተጻፈውን የሥራ ውሌን አምጣና አንብብልኝ» አሉኝ።